የ«ኦልዞው» እና የ«በት» ነገር

ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በፋሲል መዋኛ ያዩትን በአንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፈው እንዲያመጡ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ጎንደር ላደገ ልጅ ከዚህ የሚቀልል ርእስ የለም፤ ታቦታቱ ከየአጥቢያቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌት ሲያድሩ፣ ሲነጋ ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ሲገቡበት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያየ ነው። ስለዚህም የሚጽፉት ነገር አላጡም፤ የተቸገሩት ያዩትን አንዱን ነገር ከሌላው ጋር በማያያዙ ላይ ነበር። 63 ወረቀት አርሜ ስጨርስ፣ በ41ዱ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኘሁት ስሕተት ይህን ይመስላል፦ «ኦልዞው ዘ ዋተር ወዝ ኮልድ፣ በት ሜኒ ፒፕል ጃምፕድ ኢንቱ ኢት።» ልጁ ሊል የፈለገው ግልጽ ነው፤ ምንም እንኳ ውኃው ቢቀዘቅዝም ብዙ ሰው ዘሎ ገባበት ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው ግን ለእነዚህ ሁለት ሐሳቦች ከአንድ በላይ መስተጻምር፣ ማለትም አያያዥ ቃል፣ አይቀበልም፤ ወይ «ኦልዞው» ይቀራል፣ ወይ «በት» ይቀራል።

ይህን ስሕተት አስቀድሜ ያወቅሁት ከራሴ ወረቀት ነው። 10ኛ ክፍል ሳለሁ በጻፍኩት ድርሰት ላይ አስተማሪዬ «በት» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ከብበው የኤክስ ምልክት አደረጉበትና ወረቀቱን መለሱልኝ። ምክንያቱን አልጻፉም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ «ኦልዞው» የሚለውን ቃል ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ጨርሶ መጠቀም ተውኩ። ብዙ ተማሪዎቼም እንደዚሁ ያደርጋሉ፤ ቀይ ምልክት ብቻ ሲያዩ ስሕተቱን ሳይሆን ቃሉን ይሸሹታል፣ ከዓመት ወደ ዓመትም ዓረፍተ ነገራቸው እያጠረና እየደኸየ ይሄዳል። ስለዚህ እርማትን ከመጀመሬ በፊት ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጣው ከቸልተኝነት አይደለም፤ ልጆቹ አማርኛቸውን አጥርተው ከማወቃቸው ነው። በአማርኛ «ምንም እንኳ ውኃው ቢቀዘቅዝም፣ ብዙ ሰው ግን ዘሎ ገባበት» ብንል ማንም አይነቅፈንም። እንዲያውም «ግን» ሲጨመርበት አነጋገሩ ይጠነክራል። ይህ ሊሆን የቻለው ሁለቱን ሐሳቦች የማያያዙን ሥራ የሠራው «ግን» ስላልሆነ ነው። ሥራውን የሠራው «ቢቀዘቅዝም» በሚለው ግስ ውስጥ ከፊት የገባው «ቢ» እና ከኋላ የተለጠፈው «ም» ነው፤ «ምንም እንኳ» የሚለውም አጃቢ ነው፣ ቢቀር ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም። «ግን» ደግሞ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ቃል ነው፤ «ግን ብዙ ሰው ገባ»፣ «ብዙ ሰው ግን ገባ» ማለት እንችላለን። የእንግሊዝኛው «በት» እንዲህ አይንቀሳቀስም። በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ቦታው አንድ ነው፣ ሥራውም ማያያዝ ነው። ለልጆቻችን ከታች ክፍል ጀምሮ «በት ማለት ግን ማለት ነው» ብለን ስናስተምር እውነቱን ግማሹን ብቻ ነግረናቸዋል፤ ትርጉሙን ሰጥተን ሥራውን አላሳየናቸውም።

የ«ቢኮዝ» እና የ«ሶ» ጥምረትም ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው። «ብዙ ሕዝብ ስለነበረ፣ ስለዚህ ታቦቱን በቅርብ አላየሁትም» የሚል ልጅ፣ «ቢኮዝ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «ሶ» ይጨምራል። ምክንያቱን አንድ ጊዜ በ«ስለ» ካመለከተ በኋላ ውጤቱንም በ«ስለዚህ» ማመልከቱ በአማርኛ ለሰሚው የተደረገ እርዳታ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አንዱን ገመድ ሁለት ጊዜ መቋጠር ይሆናል።

ለዚህ የምጠቀምበት ዘዴ ቆጠራ ነው። ተማሪው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ጊዜ የሚያመለክቱትን ግሶች፣ ማለትም ባለቤት ያላቸውንና ያለፈ ወይም ያሁን ብለው የሚለዩትን፣ ከሥራቸው ያሰምርባቸዋል፤ ቀጥሎ አያያዥ ቃላቱን ያከብባቸዋል። ሁለት ግስ ካለ አንድ አያያዥ፣ ሦስት ካለ ሁለት፤ አያያዡ ሁልጊዜ በአንድ ያንሳል። እኩል ሆኖ ከተገኘ አንዱ ትርፍ ነው፣ በሁለት ካነሰ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ተበጥሷል ማለት ነው። «ሁ» እና «ዊች» እንደ አያያዥ ይቆጠራሉ፤ «ቱ» የሚቀድመው ግስ ግን እንደ ግስ አይቆጠርም። ዘዴው ሁሉንም አይፈታም፤ አንድ ባለቤት ሁለት ግስ ሲኖረው፣ ወይም «ዛት» ተውጦ ሲቀር ያሳስታል። ሆኖም ከአሥር ስሕተት ሰባት ስምንቱን ተማሪው ያለ እኔ እርዳታ በራሱ ዓይን እንዲያገኘው ስለሚያደርግ ከማናቸውም የሕግ ዝርዝር ይልቅ አምነዋለሁ።

ቆጠራው ግን ብዛቱን እንጂ ቦታውን አያስተምርም። ቦታውን ለማስረዳት የረዳኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ከሰዓት በኋላና ማታ በቤተ ክርስቲያን የቅኔ ትምህርት የሚከታተል፣ ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ዲያቆን ነበር። አንድ ቀን «ቢኮዝ» ከሐሳቡ ፊት እንደሚቆም፣ የእኛ «ስለ» ግን ከመጨረሻው ግስ ላይ እንደሚለጠፍ በሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳስረዳ እጁን አነሣና፣ «ቲቸር፣ እንደ ግእዙ እስመ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ቀጥል አልኩት። «እስመ ለዓለም ምሕረቱ ሲል እስመ ይቀድማል፤ በአማርኛ ሲመለስ ግን ምሕረቱ ለዘላለም ነውና ይሆናል፣ ናው መጨረሻ ላይ ይሄዳል» አለ። ክፍሉ ውስጥ ዳዊት የደገሙ ሦስት አራት ልጆች ነበሩ፣ ሁሉም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔ ለዓመታት በቀስትና በሣጥን ስሥለው የኖርኩትን ነገር ልጁ ሁሉም በሚያውቀው አንድ የመዝሙር ቃል ፈታው።

ከዚያን ቀን በኋላ ነገሩን ከቅኔ ቤቱ አቅጣጫ አየው ጀመር። የግእዝ ሰዋስው መምህራን እነዚህን ቃላት አገባብ ይሏቸዋል፤ ዐቢይ፣ ንኡስና ደቂቅ ብለውም ይከፍሏቸዋል። «እስመ» ከዐቢይ አገባብ ይመደባል። ዐቢይ አገባብ በግስ ላይ ሲወድቅ ያ ግስ ማሰሪያነቱን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የመዝጋት ሥራውን፣ ያጣል፤ ራሱን ችሎ መቆም አይችልምና ሌላ ማሰሪያ ይፈልጋል። ይህ አገላለጽ «ቢኮዝ»፣ «ኦልዞው»፣ «ሁዌን»፣ «ኢፍ» የመሳሰሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የሚሠሩትን ሥራ፣ በእጄ ካሉት የሰዋስው መጻሕፍት ከብዙዎቹ በተሻለ ይገልጸዋል። «ዘ ዋተር ወዝ ኮልድ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አራት ነጥብ ይገባዋል። ከፊቱ «ኦልዞው» ሲወድቅበት ማሰሪያው ይፈታና አንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሰሚውም «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። የእንግሊዝኛ ትምህርት ከቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ጋር የማይገናኝ ባዕድ ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን በጎንደር ከተማ ውስጥ ይህን የሚያህል የሰዋስው ዕውቀት ከአጥሩ ማዶ ተቀምጦ ሳለ በመማሪያ ክፍላችን ሳንጠቀምበት መኖራችን ያስቆጨኛል።

ከ«እስመ» ጋር የተነሣችው «ና» ራሷን የቻለች ወጥመድ ናት። «ዳቦና ሻይ» ስንል ሁለት ነገሮችን ታጣምራለች፤ «ደክሞኛልና ልረፍ» ስንል ግን ምክንያት ትነግራለች። ተማሪው ሁለቱንም «ኤንድ» ብሎ ስለሚተረጉማቸው፣ «አይ አም ታየርድ ኤንድ ሌት ሚ ሬስት» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ሰዋስዉ ብዙም አልተጣሰም፤ ምክንያትነቱ ግን ጠፍቷል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው «ሶ» ነው፣ ወይም አጀማመሩን ለውጦ «ቢኮዝ»። ከሰባቱ እኩል አያያዦች፣ ከ«ፎር»፣ «ኤንድ»፣ «ኖር»፣ «በት»፣ «ኦር»፣ «የት» እና «ሶ» መካከል የእኛን የምክንያት «ና» በትክክል የሚተካው «ፎር» ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ በዚህ አገባቡ ከመጽሐፍ ቋንቋ ውጭ እምብዛም አይሰማምና ተማሪዎቼ እንዲያውቁት እንጂ እንዲጽፉት አልገፋፋቸውም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስድብኝ ግን መስተጻምር የበዛበት ሳይሆን የጠፋበት ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛ ድርጊቶችን በተከታታይ ሲተርክ ቦዝ አንቀጽን ይጠቀማል። «ሌሊት ተነሥተን፣ ነጭ ለብሰን፣ ከአራዳ በእግራችን ወርደን፣ ቦታ ይዘን ታቦቱን ጠበቅን» በሚለው ውስጥ አምስት ድርጊት አለ፤ ማሰሪያው ግን «ጠበቅን» የሚለው ብቻ ነው። አራቱ ቦዞች ያለ ምንም መስተጻምር፣ በነጠላ ሰረዝ ብቻ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው ይቆማሉ። ይህ የቋንቋችን ትልቅ ጸጋ ነው፤ አንድ ጎበዝ ተራኪ በዚህ መንገድ የአንድ ቀን ውሎን ሳያስተነፍስ ይነግረናል። ተማሪው ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግር ነጠላ ሰረዞቹን እንዳሉ ይዞ ይሻገራል፤ ቦዞቹ ግን ድልድዩ ላይ ይቀሩና አምስቱም ማሰሪያ ይሆናሉ፦ «ዊ ጎት አፕ አት ናይት፣ ዊ ዎር ኋይት ክሎዝስ፣ ዊ ዎክድ ፍሮም አራዳ፣ ዊ ፋውንድ ኤ ፕሌስ፣ ዊ ዌይትድ ፎር ዘ ታቦት።» አምስት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች በነጠላ ሰረዝ ተለጣጥፈው ቀረቡ፤ በአማርኛም ቢሆን «ተነሣን፣ ለበስን፣ ወረድን፣ ያዝን፣ ጠበቅን» ብሎ በነጠላ ሰረዝ መደርደር ጆሮን ይጎረብጣል።

እርማቱ ብዙ መንገድ አለው። ቀላሉ «ዊ» የሚለውን ከመጀመሪያው በቀር ከሁሉም ላይ አንሥቶ ከመጨረሻው ግስ በፊት «ኤንድ» ማስገባት ነው። ሌላው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድርጊቶች በ«አፍተር» አስሮ ወደ ኋላ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ ለበሰሉት ተማሪዎች፣ ግሱን በ«ኢንግ» ወይም በ«ሃቪንግ» ማዘጋጀት ነው፤ በእንግሊዝኛ ለቦዝ አንቀጻችን የቅርብ ዘመዱ ይህ ቅርጽ ነውና። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ግን ጸሐፊው ከአምስቱ ድርጊቶች ዋናው የትኛው ነው ብሎ እንደሚያስብ ነው። አማርኛ ይህን ውሳኔ ለቦታ ቅደም ተከተል ይተወዋል፣ የመጨረሻው ያስራል። እንግሊዝኛ ግን ጸሐፊውን «አንተ ወስን» ይለዋል። ለ16 ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ጊዜ ሰጥቼ፣ ድርሰቱን በአማርኛ እንዲነግረኝ አድርጌ፣ «ከዚህ ሁሉ ዋናው ነገር ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ ያውቀዋል።

የ«እንደ» ጉዳይም አለ። «እንደ አባቱ ነው»፣ «እንደደረስኩ ደወልኩ»፣ «እንደታመመ ሰማሁ» በሚሉት ሦስት አነጋገሮች ውስጥ አንዲት «እንደ» ሦስት ሥራ ትሠራለች፤ እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው «ላይክ»፣ ለሁለተኛው «አዝ ሱን አዝ»፣ ለሦስተኛው «ዛት» ይላል። «አይ ኸርድ አዝ ሂ ወዝ ሲክ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከተማሪ ብቻ ሳይሆን ዲግሪ ካላቸው ሰዎች ደብዳቤ ላይም አንብቤዋለሁ። በተመሳሳይ «እንዲ» የሚለው «ሶ ዛት ቱ» የሚባል፣ ሁለት የተለያዩ አያያዦች የተጣበቁበት ነገር ወልዷል፤ «ሶ ዛት» ከሆነ ባለቤትና ግስ ይከተለው፣ «ቱ» ከሆነ ግሱ ብቻውን ይበቃል።

እስካሁን ያነሣኋቸው ስሕተቶች ዓረፍተ ነገሩን ያበላሻሉ እንጂ አንባቢው የታሰበውን ከመረዳት አይከለክሉትም። «አንለስ» ግን ይለያል። እኛ «መታወቂያ ካልያዝክ በስተቀር አትገባም» እንላለን፤ አሉታው በ«ካል» ውስጥ አለ፣ «በስተቀር» ያጠናክረዋል። በእንግሊዝኛ «አንለስ» በራሱ ውስጥ አሉታውን ይዟል፤ ስለዚህ «አንለስ ዩ ዶንት ሃቭ አይዲ ካርድ፣ ዩ ካንኖት ኢንተር» ተብሎ ከተጻፈ፣ መግባት የሚችለው መታወቂያ የሌለው ብቻ ነው ማለት ይሆናል። ይህን ዓይነት ጽሑፍ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ፤ ቆሞ ያነበበ የውጭ አገር ሰው ምን እንደሚያስብ ሳስበው ደነገጥኩ። በመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ ላይ ቢጻፍስ? ስለዚህ «ኦልዞው» ከ«በት» ጋር ሲመጣብኝ ግማሽ ነጥብ እቀንሳለሁ፤ «አንለስ» ከ«ዶንት» ጋር ሲመጣ ግን ሙሉውን ነጥብ ይዤ ልጁን ወደ ጠረጴዛዬ እጠራዋለሁ። የ«ናይዘር» እና የ«ኖር» ነገርም ከዚሁ ዘመድ ነው፤ «አባቱም እናቱም አልመጡም» ብለን ግሱን አሉታ ማድረግ ስለለመድን «ናይዘር» ካልን በኋላ «ዲድ ኖት» እንጨምራለን።

«ዲስፓይት» እና «ቢኮዝ ኦፍ» ስም እንጂ ሙሉ ሐሳብ እንደማያስከትሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል። «ኖ ሱነር» ከ«ዛን» ጋር፣ «ሃርድሊ» ከ«ሁዌን» ጋር እንደሚሄድ ደግሞ ተማሪዎቹ ለፈተና ሲሉ ያስታውሱታል፤ ሆኖም በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ላይጽፉት ለሚችሉት ለዚህ ቅርጽ የምናጠፋው ጊዜ፣ በየቀኑ ለሚያስፈልጋቸው «አንለስ» ከምንሰጠው በልጦ ሳየው አዝናለሁ።

አንድ ስሕተት ደግሞ የተማሪዎች ሳይሆን የእኛ የአስተማሪዎች ነው። «ዓረፍተ ነገርን በበት፣ በኤንድ፣ በቢኮዝ መጀመር ክልክል ነው» ብለን እናስተምራለን፤ እኔም ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። በ«በት» እና በ«ኤንድ» የሚጀምሩ ዓረፍተ ነገሮች በጥሩ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ዘንድ ሞልተዋል። በ«ቢኮዝ» መጀመርም ይቻላል፣ ማሰሪያው እስከተከተለ ድረስ። ስሕተት የሚሆነው «ቢኮዝ አይ ወዝ ሲክ» ብሎ ነጥብ ማድረግ ነው፤ በንግግር «ለምን ቀረህ?» ሲባል «ስለታመምኩ» ብሎ መመለስ እንደሚበቃው፣ በጽሑፍ ግን «ስለታመምኩ ነው» ብሎ ማሰር እንደሚገባ ማለት ነው። «ሃውኤቨር» ደግሞ ከነጭራሹ መስተጻምር አይደለም፤ እንደ «ግን» የሚንቀሳቀስ ቃል ስለሆነ፣ ከፊቱ ያለውን ዓረፍተ ነገር በነጥብ ወይም በድርብ ሰረዝ ዘግቶ ነው የሚገባው። «ግን»ን ከ«በት» ይልቅ ከ«ሃውኤቨር» ጋር ጎን ለጎን አድርገን ብናስተምር ኖሮ ብዙ ቀይ ምልክት በተረፈ ነበር።

በዚህ ወር አንድ መልመጃ ሞክሬያለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ ፋሲለደስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 ነገሠ፤ በ1636 ጎንደርን መሠረተ። በፈለጋችሁት መስተጻምር አያይዟቸው አልኩ። አብዛኞቹ በ«ኤንድ» አያያዙት፣ አንዳንዶቹ «አፍተር» አሉ፤ ሁለቱም ትክክል ነው። አንዱ «ቢኮዝ» ብሎ መጣ፤ ስለነገሠ መሠረተ ማለቱ ነው። ሰዋስዉ ምንም እንከን የለበትም፣ ቆጠራውም ልክ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት የነገሡት ሁሉ ጎንደርን አልመሠረቱም፤ ብዙዎቹ ቤተ መንግሥታቸውን በድንኳን ይዘው ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ኖረዋል። እንግዲህ መንገሡ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። መስተጻምር የጌጥ ቃል አይደለም፣ የእምነት ቃል ነው፤ «ቢኮዝ» ብሎ የጻፈ ሰው ምክንያቱን አውቃለሁ ብሎ መስክሯል። ይህን የነገርኳቸው ቀን ልጆቹ ወረቀታቸውን መልሰው ሲያነብቡ ከወትሮው የተለየ ዝምታ በክፍሉ ነበር።

በመጨረሻ ካረምኳቸው ወረቀቶች አንዱ የአንዲት ልጅ ነው። ወደ ጥምቀት የወሰደቻት አያቷ ስለሆነች፣ ስለ አያቷ ጽፋለች፦ «ኦልዞው ማይ ግራንድማዘር ዲድ ኖት ጎ ቱ ስኩል፣ በት ሺ ቶት አስ ኦል።» አያቴ ትምህርት ቤት ባትገባም እኛን ሁላችንንም ያስተማረችን እርሷ ናት ማለቷ ነው። ሁለት ግስ፣ ሁለት አያያዥ ብዬ ከጎኑ ጽፌ፣ የትኛውን እንደምትሰርዝ ሳልነግራት መለስኩላት። በማግስቱ ስታመጣው መጀመሪያ «በት» ተሰርዞ ነበር፤ ከዚያ መልሳ ጽፋው «ኦልዞው»ን ሰርዛዋለች። ሁለቱም ትክክል ስለሆነ፣ ለምን እንደቀየረችው ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ በኦልዞው ሳደርገው አለመማሯ ጥገኛ ይሆንና ወደ ኋላ ይቀርብኛል» አለችኝ። «አለመማሯን እንደ ትንሽ ነገር እንዲያነብቡት አልፈለግሁም፤ እርሷ በጣም ነው የሚቆጫት። በበት ከሆነ ግን ሁለቱም እኩል ይቆማሉ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።